ጠርሙሱ ላይ የተጻፈችው «ጠ»

ወሰንየለሽ ዓይኗን ገልጣ ማለም የምትችል ሴት ናት። በዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የሚያውቋት ሁሉ ይህን ይመሰክራሉ። ዕቃ ስታጥብ ውሃው ሞልቶ ይፈስሳል፤ እሷ መስኮቱን ታያለች። መስኮቱንም አይደለም፣ ከመስኮቱ ባሻገር በጮቄ ተራራ በኩል የተከመረውን ጉም ነው። «ወሰን፣ ውሃው» ይሏታል። «አየሁት» ትላለች፤ አላየችውም። ታዲያ ሥራ የምትበድል እንዳይመስላችሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጠርሙስ ሰብራ አታውቅም። ሐሳቧ ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ የትም ቢዞር እጇ ከሥራው ንቅንቅ አይልም።

ይህ እጅ ከማን እንደተወረሰ ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አባቷ እንዳላማው ከሮብ ገበያ ወጣ ብላ ባለች መንደር አንጥረኛ ናቸው። የብር መስቀልና ጉትቻ ይሠራሉ፤ ሲቸግር ደግሞ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣሉ። የእሳቸው መስቀል እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ ሄዷል። የአገሬው ሰው ግን እንዲህ ያለውን ባለሙያ «ጠይብ» ነው የሚለው። ጠይብ ማለት በሰው አፍ ዓይኑ ሰው የሚበላ፣ የላም ወተት የሚያነጥፍ፣ ከአንድ መሶብ አብሮ የማይቆረስለት ማለት ነው። መስቀሉን ይሳለሙታል፤ የሠራውን እጅ አይጨብጡም። ሽበት ከወረሳቸው በኋላ እንኳ የመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ «አንተ እንዳላማው» እያለ ነው የሚጠራቸው። እኔ ግን እዚህ «እሳቸው» እላቸዋለሁ፤ የከፋው ይክፋው።

ወሰንየለሽ ከተማ ገብታ፣ ተምራ፣ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ሆና ስትቀጠር አባቷ ምን እንደሚሠሩ ለጠየቃት ሁሉ «ገበሬ ናቸው» አለች። ውሸቱ አንዴ ከአፏ ወጣ፤ ከዚያ ጎጆ ቀልሶ ተቀመጠ። አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውሉላታል።

«ወሰኔ፣ የምትሠሪበትን ቤት አንድ ቀን ባየው። እሳት አለ ትይኛለሽ፤ እንዴት ያለ እሳት ነው?»

«በኤሌክትሪክ ነው አባዬ። ነበልባል የለውም።»

«ነበልባል የሌለው እሳት። ይህንንማ ሳላይ አልሞትም።»

«ይመጣሉ፤ ትንሽ ሥራው ይቅለልልኝ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራው አልቀለለላትም። የአባቷ ዓይን ደግሞ ዓመት በዓመት እየደከመ ነው፤ ጭሱና ፍሙ አርባ ዓመት በልተውታል። ባለፈው ፋሲካ ሄዳ ስታያቸው መርፌ ላይ ክር ለማስገባት እሷን ጠሯት። ክሩን አስገባችላቸው፤ ከዚያ ከቤት ወጥታ አለቀሰች።

ማርቆስ ውስጥ የምትኖረው በወይዘሮ አሰገደች ግቢ ተከራይታ ነው። ወይዘሮ አሰገደች አረቄ አውጪ ናቸው። እንደሳቸው ያለ ዳግም አረቄ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ የወጣ፣ ከማርቆስ እስከ ደጀን አይገኝም ይባላል፤ የሚሉትም በአብዛኛው ራሳቸው ናቸው። ልጆቻቸው በየአገሩ ስለተበተኑ ወሰንየለሽን እንደ ልጅ ይዘዋታል። ጾም ሲፈታ ያለ እሷ አይቆርሱም። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ይፈራሉ፤ ዓይን። ድፍድፉ ያለበትን ጋን እንግዳ ፊት አይከፍቱም። አንዳንዴ ድፍድፉ ሲበላሽባቸው «ጠይብ አይቶብኝ ነው» ይሉና ወሰንየለሽን ይጠራሉ። «ነይ አንቺ ክፈቺልኝ፤ አንቺ አማስይልኝ። ያንቺ እጅ ለድፍድፍ የተባረከ ነው።»

ወሰንየለሽ ክዳኑን ታነሣለች፣ ታማስላለች፣ አብራቸው ትስቃለች። ከዚያ ክፍሏ ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። እውነቱን ከተናገረች ይህን ግቢ እንደምታጣ ታውቃለች። ዝም ካለች ደግሞ አባቷን እያጣች ነው። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደሚያንገበግባት ከቀን ቀን ይለያያል።

እንዲህ ስትኖር ነው ዶክተር ሀይለመለኮት ከውጭ አገር ተምረው የመጡት። የመጡትም አንድ ሕልም ይዘው ነው፤ አልኮል ጠጥቶ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ። ፊውል ሴል ይሉታል። እንደ ባትሪ ነው፤ ልዩነቱ ሲደክም ቻርጅ አይደረግም፣ ይጠጣል። አልኮሉ ውስጡ አይነድም፤ አንድ ጥቁር ዱቄት ላይ ሲደርስ ይፈታታል፣ ሲፈታታም ኤሌክትሪክ ይለቃል። ጥቁሩ ዱቄት ካታሊስት ይባላል። ወሰንየለሽ ስሙን ከሰማች ጀምሮ በልቧ «ሽማግሌ» ትለዋለች፤ ሁለቱን ወገን ያስማማል፣ ራሱ ግን አይጋባም፣ ነገሩ ሲያልቅ እንደመጣ ይሄዳል።

ሽማግሌው የሚሠራው ከፕላቲኒየምና ከቆርቆሮ ነው፤ የቤት ክዳኑ ቆርቆሮ አይደለም፣ ቆርቆሮ የሚባለው ማዕድን ራሱ። ፕላቲኒየም ብቻውን አልኮል ሲቀርብለት እንደ ማንኛውም ጠጪ መጀመሪያ ይበረታል፣ ቆይቶ ይታፈናል። ቆርቆሮ አጠገቡ ከቆመ ግን ያነቀውን ያነሣለታል። ስለዚህ ሁለቱ እንዲያው መደባለቅ ብቻ አይበቃቸውም፤ ተራ ይዘው፣ አንዱ ካንዱ ጎን፣ ረድፍ በረድፍ መቆም አለባቸው። ዶክተር ሀይለመለኮት ይህን ሲያስረዱ ሰሌዳውን በነጥብ ይሞሉታል። ወሰንየለሽ ነጥቡን ትታ ሌላ ታያለች። የሮብ ገበያ ሰው ይታያታል፤ በግ የሚጎትት፣ ድንች የተሸከመ፣ የሚጋፋ። ከዚያ ያው ሰው በሠርግ ቀን አንድ ወንድ አንዲት ሴት እየሆነ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ቆሞ ይታያታል። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ አቋቋማቸው ብቻ ተለውጧል።

ተራ የሚያስይዛቸው ሙቀት ነው፤ ስድስት መቶ ዲግሪ፣ ለሰዓታት። ጣጣውም እዚያው ነው። ፍሬዎቹ በቤተ ሙከራው ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታዩ ደቃቆች ናቸው። ሲሞቃቸው አንዱ ካንዱ ይጣበቃል፣ ትልቁ ትንሹን ይውጣል፣ በመጨረሻ ጥቂት ድብልብል ይቀራል። ድብልብል ደግሞ ላዩ ላይ ካለው በቀር ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሥራ ፈት ነው። ሙቀቱ ሲቀነስ ደቃቅ እንደሆኑ ይቀራሉ፣ ግን ሥርዓት የላቸውም። ሙቀቱ ሲጨመር ሥርዓት ይይዛሉ፣ ግን ይዋዋጣሉ። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከሩ። ናሙናው አዲስ አበባ ይላካል፣ እዚያ በራጅ መሣሪያ ይታያል፣ በወሩ ውጤቱ በወረቀት ይመጣል። ወረቀቱ አሥራ አንድ ጊዜ አሳፈራቸው።

ከአሥራ አንደኛው በኋላ ዶክተር ሀይለመለኮት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ወሰን፣ የቀረን ፕላቲኒየም ለአንድ ሙከራ የሚበቃ ነው» አሉ። «ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ እንፈልጋለን።»

ክረምት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ። ዝናቡ ክዳኑ ላይ ስለሚያንጎራጉር የሰው ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ነው የሚሰማው። ወሰንየለሽ እየቀዘቀዘ ባለው ምድጃ ጎን እጇን አሳርፋ ቆማለች። ሙቀቱ በመዳፏ ገባ፤ ከመዳፏ ወደ ክንዷ፣ ከክንዷ ወደ የት እንደሄደ አላወቀችም። ዝናቡ የአባቷ ወናፍ መሰላት። ወናፉ ሲተነፍስ ፍሙ ይቀላል፣ ሲያርፍ ይጠቁራል። እሷ ልጅ ናት፤ እግሯን አጣጥፋ ከመዶሻው ወዲህ ተቀምጣለች።

አባቷ ለመስቀል ጌጥ የሚሆኑ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ የብር ፍሬዎች እየሠሩ ነው። የብር ሽቦ ይቆራርጣሉ። ቁርጥራጩን ግን እንዲያው እሳት ላይ አይጥሉትም። የሸክላ ማቅለጫው ውስጥ የከሰል ዱቄት ይነሰንሳሉ፤ በላዩ ቁርጥራጭ ይበትናሉ፤ ደግሞ ዱቄት፣ ደግሞ ቁርጥራጭ፤ እንዲህ እያሉ እስከ አፉ ይሞሉታል።

«ለምን ይቀብሯቸዋል?» ብላ ትጠይቃለች።

«እንዳይገናኙ ነዋ፣ ወሰኔ። ብር እሳት ላይ ከተነካካ ይዋዋጣል። ለየብቻው ከተኛ ግን እያንዳንዱ የራሱን ሕልም አልሞ፣ ክብ ሆኖ ይነሣል።»

ሲቀዘቅዝ ዱቄቱን እፍ አሉት። ፍሬዎቹ ጥቁር መዳፋቸው ላይ ተንከባለሉ፤ ሁሉም ድቡልቡል፣ ሁሉም ለየብቻ።

«ብንቀብራቸውስ?» አለች ወሰንየለሽ።

ዶክተር ሀይለመለኮት ቀና አሉ። «ምኑን?»

«ፍሬዎቹን። እንዳይነካኩ አንድ ነገር ውስጥ ብንቀብራቸውና ቢሞቁ። ከሰል አይሆንም፤ ለእንዲህ ላለው ደቃቅ ከሰሉን ማን እፍ ብሎ ይለየዋል። ጨው ቢሆን ግን በስድስት መቶ ዲግሪ አይቀልጥም። ሲያልቅ በውሃ ይታጠባል።»

ዶክተሩ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። «ይህን ከየት አመጣሽው?»

አባቷ በሩ ላይ የቆሙ መሰላት፤ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ግቡ እስኪባሉ የሚጠብቁ።

«እንዲሁ ታሰበኝ» አለች።

በሩ ተዘጋ። ራሷ ነበረች የዘጋችው።

አሥራ ሁለተኛውን ሙከራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጇ ሠራችው። ፕላቲኒየሙንና ቆርቆሮውን ከብዙ ጨው ጋር በውሃ አሟሟች፣ አደረቀች፣ ፈጨች፣ ምድጃው ውስጥ አስገባች። ምድጃው ነበልባል የለውም፤ ግን በትንሿ መስኮቱ ብርቱካናማ ብርሃን ይታያል። እያየችው ፍሬዎቹ ጨው ውስጥ እንደተኙ አሰበች፤ ለየብቻቸው፣ ማንም ሳይገፋቸው፣ በየሕልማቸው ውስጥ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ። ከዚያ አወጣችው፤ አጠበችው፣ ደግማ አጠበችው፣ ጨውነቱ እስኪጠፋ አጠበችው። የቀረው አንድ ቁንጥር ጥቁር ዱቄት ነበር።

እዚያ ቤት ናሙና ያለ ስም አይቀመጥም፤ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ይጻፍለታል። ወሰንየለሽ ጠርሙሷን በግራ እጇ፣ ብዕሩን በቀኟ ይዛ ትንሽ ቆመች። ማንም አያያትም። «ጠ ፲፪» ብላ ጻፈች። ጠ የጠይብ ናት። ስማቸውን መጥራት ካቃተኝ አንድ ፊደል እንኳ ልስጣቸው ብላ ነው።

ዶክተር ሀይለመለኮት ጠርሙሱን አንሥተው አነበቡና ሳቁ።

«አይ ወሰን፣ ዛሬም ሕልም ላይ ነሽ። ጨው ልትይ ነው ጠ የጻፍሽው?»

ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡና ፊደሏ የጎደላትን ጨመሩባት። ጠ ጨ ሆነች። ሁለቱ ፊደላት እኮ እንዲህ የሚቀራረቡ ናቸው፤ ትንሽ ጭማሪ ናት የምትለያቸው።

«አዎ» አለች ወሰንየለሽ፤ «ተሳስቼ ነው።»

ወሩ አልፎ ወረቀቱ መጣ። ዶክተሩ ቆመው አነበቡት፣ ተቀምጠው አነበቡት፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ ወስደው አነበቡት። ወረቀቱ ላይ በተሣለው መስመር፣ ከትልልቆቹ ጉብታዎች መካከል ከዚህ ቀደም ያልነበሩ ትንንሽ ጉብታዎች ቆመዋል። እነዚያ የሚመጡት ተራ ከያዘ ነገር ብቻ ነው። ፍሬዎቹም እንደደቀቁ ቀርተዋል። ዶክተር ሀይለመለኮት ወረቀቱን ለወሰንየለሽ ሰጥተው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። እሷ ጉብታዎቹን በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ደስታው ደረቷ ድረስ መጥቶ እዚያው ቀረ፤ የሚነግሩት ሰው ሲጠፋ ደስታ ያንቃል።

አሁን መሣሪያው ውስጥ ገብቶ መታየት ነበረበት። የታዘዘው አልኮል ግን በጊዜው አልደረሰም። ወሰንየለሽ ለወይዘሮ አሰገደች ነገረቻቸው። ወይዘሮ አሰገደች ጉዳዩን እንደ ክብር ነው ያዩት። የአረቄያቸውን ራስ፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ብርቱውን፣ በትንሽ ጀሪካን ሞልተው ሰጧት፤ ቤተ ሙከራው ደግሞ አንድ ጊዜ አጣራው።

«ማሽን ይጠጣዋል?» አሉ።

«ይጠጣዋል፣ እትዬ።»

«ከሰከረ ግን እኔ የለሁበትም።»

ትምህርት ክፍሉ የምርምር ሥራዎቹን ለሰው በሚያሳይበት ዕለት ወይዘሮ አሰገደች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ ፊውል ሴሉ አለ፤ የሳሙና እቃ ያክላል። ከጎኑ ትንሽ የፕላስቲክ ማራገቢያ ተያይዟል። ወሰንየለሽ ከአረቄው በቀጭን ጎማ ጠብታ በጠብታ ለቀቀችለት። አንድ ደቂቃ ምንም የለም። ከዚያ ማራገቢያው እንደ እንቅልፋም ሰው ወዲያ ወዲህ አለ፤ ዞረ፤ እንደገና ዞረ፤ ክንፎቹም ተዋሕደው አንድ ክብ ሆኑ። አዳራሹ አጨበጨበ። ወይዘሮ አሰገደች ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው «የኔ ነው» አሉ።

ዶክተር ሀይለመለኮት ጠርሙሱን ከፍ አድርገው አሳዩ። «ይህ ዱቄት ጨ አሥራ ሁለት ይባላል። ጨ የጨው ናት። ሥራው በጨው መቅበሩ ላይ ነው። ኋላ መዛግብት ሳገላብጥ በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎችም እንዲህ የሚሠሩ እንዳሉ አገኘሁ። ስለዚህ ዘዴውን ከእነሱ እንደወሰድነው አድርገን እንጽፋለን፤ ምስጋናውም ለእነሱ ነው።»

በተንኮል አይደለም የተናገሩት። ከየት እንደመጣ ጠይቀው «ታሰበኝ» ነው የተባሉት፤ ሰው የሰጡትን ይዞ ይሄዳል። ወሰንየለሽ ግን ጎማውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አባቷን ከበሩ ላይ መመለስ አንድ ነገር ነው፤ በእሳቸው ወንበር ላይ ስሙን የማታውቀው ሰው ሲቀመጥ ማየት ሌላ ነው። ፊተኛው ወንበር ላይ ወይዘሮ አሰገደች ፈገግ ብለው ያዩዋታል። ያንን ፈገግታ ለመጨረሻ ጊዜ እንደምታየው ሆና አየችው፤ በደንብ፣ እንዳትረሳው።

«ጨ አይደለችም፣ ዶክተር» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ፊደሏ። አልተሳሳትኩም ነበር። ጠ ናት።» ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን አዳራሹ ጸጥ ስላለ ተሰማ። «ጠ የጠይብ ናት። አባቴ ጠይብ ናቸው። እንዳላማው ይባላሉ፤ ሮብ ገበያ አጠገብ ብር ይሠራሉ። ገበሬ ናቸው ብዬ ዋሽቻችኋለሁ። የብር ፍሬ ሲያቀልጡ እንዳይነካካ በከሰል ዱቄት ይቀብሩታል። በልጅነቴ አይቻቸው ነው። የውጭዎቹም ራሳቸው ደርሰውበት ይሆናል። እኔ ግን የወሰድኩት ከአባቴ ነው።»

ማራገቢያው ብቻ ይዞራል።

«አንድ የደብረ ወርቅ መሪጌታ ለአባቴ እንደነገሯቸው» አለች፤ «ቃሉ በግዕዝ ጠቢብ ነው። እኛ አገር ሲደርስ ነው ጠይብ የሆነው። ስሕተት ካለ እዚያ ላይ ነው ያለው።»

ዶክተር ሀይለመለኮት ጠርሙሱን አዩት። ከዚያ ብዕራቸውን አወጡ፤ የጨመሯትን ለመፋቅ ሞከሩ፣ አልፋቅ አለቻቸው። ወረቀቷን ላጡና አዲስ ለጠፉ። «ጠ ፲፪» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም «እንዳላማው»። እጃቸው እንደ ተማሪ እጅ ይጠነቀቅ ነበር።

ወሰንየለሽ ቀና ስትል ፊተኛው ወንበር ባዶ ነው። ወይዘሮ አሰገደች ወጥተዋል።

ወደ ቤት የወሰዳትን መንገድ አላስታወሰችውም። ባጃጆቹ ያልፋሉ፣ ጉሙ ከጮቄ ወርዶ የዛፎቹን ራስ ይዟል፣ ከተማው በሕልም እንደሚያዩት ከተማ ድምፁ ጠፍቷል። ሻንጣዋን ደጅ ላይ ተቀምጦ አየችው፤ ብርድ ልብሷን ታጥፎ፣ ሁለት ድስቶቿን ተደራርበው። ይህን ሁሉ ገና ሳትደርስ በሐሳቧ ነው ያየችው። ስትደርስ ደጁ ላይ ምንም የለም።

ወይዘሮ አሰገደች ከጋኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አላወለቁም። ዘወር ብለውም አላዩዋት።

«ስድስት ዓመት» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስድስት ዓመት ይህን ጋን ስትከፍቺ አንድ ቀን ተበላሽቶ ያውቃል? ስቆጥረው ነው የዋልኩ። የተበላሸብኝ አንቺ አገር ቤት የሄድሽ ጊዜ ነው።»

ወሰንየለሽ ከቆመችበት ጋኑን አየች።

«ፈርቼ ነው ጥዬሽ የወጣሁ፤ አልዋሽሽም። አሁንም እፈራለሁ። ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ፍርሃት ባንድ ቀን አይታጠብልኝም።» ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ከጋኑ ፊት ፈቀቅ አሉ። «ነይ፣ ክፈቺው።»

ወሰንየለሽ ክዳኑን አነሣች። የድፍድፉ ሽታ ሞቅ ብሎ ወጣ። ማማሰያውን ይዛ ሁለት ጊዜ እንዳዞረች ወይዘሮ አሰገደች ከኋላዋ ሆነው፣ ወደ ግድግዳው እያዩ ጠየቁ።

«አባትሽ መቼ ነው የሚመጡ?»

ወሰንየለሽ ማማሰሉን አቆመች። ጠይብ መሆናቸውን እያወቀ ለአባቷ «የሚመጡ» ያለ ባዳ ሰምታ አታውቅም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ስልኳን አወጣች። ቅዳሜ አልነበረም፤ ደወለችላቸው።